ዋንዛን ለሞጣ የዳርን ጊዜ

እኔ ቀናተኛ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ስለ አገልግሎቱ፣ ስለ ታማኝነቱ፣ ስላየው ውጣ ውረድ ያወራል። እኔም ውጣ ውረድ አላጣሁም። ነገር ግን የሥራ ዘመኔን መለስ ብዬ ሳየው ከሁሉም በላይ ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ ቅናቴ ነው። ስንዱ በምትባል የሥራ ባልደረባዬ ላይ ቀንቼ፣ ቀንቼ፣ ቀንቼ ነው ጸጉሬ የሸበተው።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የመጨረሻው ሳምንት ነው። ቢቸና ያለውን የሰርቨር ክፍል ለአዲሶቹ ልጆች ሳስረክብ አንድ አዲስ ማሽን ከካርቶኑ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። "ማን ብላችሁ ልትሰይሙት ነው?" አልኳቸው። ተያዩ። አንደኛው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ እንዳልቀየመው ተጠንቅቆ፣ "ጋሼ፣ አሁን እኮ ስም አናወጣም፤ ሲስተሙ ራሱ ይሰጠዋል" አለኝ። እውነትም ኬብሉን እንደሰኩለት ማሽኑ ረጅም የፊደልና የቁጥር ዝባዝንኬ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። እንዲህ ያለውን ነገር ማን በአፉ ይጠራዋል? ስንት ዘመን ያንገበገበኝ ነገር፣ ለማሽን ስም የማውጣት ሥልጣን፣ ለካ ማንም የማይፈልገው ተራ ነገር ሆኖ ቀርቷል። ወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ።

ቢቸና የተቀጠርኩት መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው። መሥሪያ ቤቱን በስም አልጠራውም፤ ኋላ ላይ የገበሬውን የመሬት ይዞታ መመዝገብ ዋና ሥራው እንደሆነ ብቻ ልናገር። እኔ የጽሕፈት መኪናና የማባዣ ማሽን ጠጋኝ ነበርኩ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ በቅቶ ለጫማ የማይተርፍ ዓይነት ነበር፤ ስለሱ ብዙ አላወራም። ጣቶቼ ዓመት ከዓመት በቀለም እንደጠቆሩ ነው። ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስቦ "ማሽን የሚያውቅ ማነው?" ሲል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የጽሕፈት መኪና የሚፈታ ሰው ኮምፒውተርም አይሳነውም ብለው ነው መሰለኝ። ለሥልጠና ተልኬ ዲፕሎማዬን ይዤ ተመለስኩ።

ጋሽ ዘለቀ አለቃችን ሆነው የመጡት ያኔ ነው። የደብረ ወርቅ ሰው ናቸው፤ ጉልምስናቸውን ደጀን ላይ የስልክ መስመር ሲዘረጉ አሳልፈው፣ ኮምፒውተርን በትልቅነታቸው የተማሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ባርኔጣ የማይለያቸው። በደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ ሳይሆን ትንሽ የቀለም ቡርሽ ይይዙ ነበር፤ አቧራ ያየ ዓይናቸው ዕረፍት የለውም፣ ቆመው እያወሩንም የማሽኑን መተንፈሻ ይጠርጉ ነበር። ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። እኔ አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ እሳቸው "ልየው" ብለው ሲጠሩኝ አንገቴን ቀና አደርግ ነበር። ይኸው፣ ተናገርኩት።

ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሰርቨር ሁሉ ስም አለው፣ ከስሙ ቀጥሎ ደግሞ የሚገኝበት ቤት ስም አለው። ባለሙያው ሁለተኛውን ዶሜይን ይለዋል። እኛ በራሳችን ስምና በአባታችን ስም እንደምንጠራው ማለት ነው። ወይራ የሚባል ማሽን ቢቸና ካለ ሙሉ ስሙ ወይራ ቢቸና ነው። ይህ ለጌጥ አይደለም። ማሽኖቹ ሲበዙ እያንዳንዳቸው ዘንድ ሄዶ መሥራት ስለማይቻል፣ ጋሽ ዘለቀ አንዱን ማሽን "አዛዡ" ብለው ለብቻው አስቀመጡት። አዛዡ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ሌሎቹን በየስማቸው እየጠራ ሥራ ያዛቸዋል፤ ሰዓትህን አስተካክል፣ ይህን ፕሮግራም ጫን፣ ይህን መዝገብ ገልብጥ ይላቸዋል። ማታ ማታ መብራት ስለማይታመን ነው ምሳ ሰዓት የሆነው። አዛዡ ዓይን የለውም፤ ማሽኑን የሚያውቀው በሙሉ ስሙ ብቻ ነው። የአባቱ ስም ቢቸና ከሆነ የቢቸናን ሥራ ይሰጠዋል። ስሙ ከተሳሳተ ትእዛዙ ይሳሳታል፤ አዛዡ ደግሞ የተሳሳተውንም ትእዛዝ ያለ አንዳች ማመንታት ይፈጽማል።

ስለዚህ ጋሽ ዘለቀ ስም ሲወጣ ቀልድ አያውቁም። ከመቀመጫቸው ይነሳሉ፣ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ስሙ ከዛፍ ስም ይሁን ይላሉ፤ አጭር፣ ከሌላው ጋር የማይምታታ። የሠራተኛ ስም አይሆንም፣ ሠራተኛ ይዛወራል። የሥራው ስም አይሆንም፣ ማሽን ዛሬ ደብዳቤ ቢይዝ ነገ መዝገብ ይይዛል። ከዚያ ደጀን ላለ አንድ ወዳጃቸው ይደውሉና ስሙን አንዴ ብቻ ይሉለታል። ወዳጃቸው በዚያ በሚንጫጫ መስመር ሰምቶ መልሶ ካላለው ስሙ ይጣላል። ስሙ ከተመዘገበ በኋላም አያምኑትም። መጀመሪያ ስሙን ይጠሩና ቁጥሩን ይጠይቃሉ፤ የማሽን ቁጥር እንደ ቤት ቁጥር ነው። ቀጥሎ ዞረው በቁጥሩ ይሄዱና "እዚህ ቤት ማን አለ?" ብለው ስሙን ይጠይቃሉ። የሁለቱ መልስ ካልገጠመ ምሳ የለም። "በአንድ በኩል ብቻ የጠየቀ አልጠየቀም" ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተሹሞ መጣ። ትልቁ ሰርቨር በእሱ ስም እንዲጠራ ፈለገ። እኛ ጭንቅ ውስጥ ገባን፤ ጋሽ ዘለቀ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ጌታዬ፣ ደስ ባለን ነበር። ግን ማሽኑ በሳምንት አንዴ ይወድቃል። እኔ በስልክ ለዞን 'አቶ እገሌ ዛሬም ወደቁ፣ ማራገቢያቸው ተዘግቶ ነው' ብዬ ሪፖርት ሳደርግ ይከብደኛል" አሉት። ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። ማሽኑም ዋንዛ ተባለ። ዋንዛ ቢቸና። የመዝገባችንን ግልባጭ የሚይዘው እሱ ነበር፤ ጠባቂው ደግሞ እኔ።

ስንዱ የተቀጠረችው ከዚህ በፊት ነው፤ የቢቸና ልጅ ናት፣ እንደኔው ዲፕሎማ የያዘች፣ በዕድሜ ጥቂት የምታንሰኝ። መጀመሪያ ላይ እወዳት ነበር። ሥራ ትወዳለች፣ ትስቃለች፣ ምሳዋን ታካፍላለች። ነገራችን የተበላሸው አንድ አዲስ ማሽን በመጣ ጊዜ ነው። ሣጥኑን ከመኪና አውርጄ፣ ገመዱን ዘርግቼ፣ መብራት ሲጠፋ የሚደግፈውን ዩፒኤስ አገናኝቼ ላቤን እየጠረግኩ ሳለ ጋሽ ዘለቀ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እስከዚያ ቀን ስም ያወጡ የነበሩት ራሳቸው ብቻ ናቸው፤ አሁን ግን ፊታቸውን ወደ እኛ መለሱ።

"ስንዱ፣ አንቺ አውጪለት" አሏት።

"እኔ?" አለች። ጥቂት አሰበችና "ብሳና" አለች።

"ብሳና!" አልኩ ሳላስበው። "ምን ብሳና! እንጨቱ ለማገዶ እንኳ የማይረባ!"

ጋሽ ዘለቀ ዞር ብለው አዩኝና ወደ ደጀን ደወሉ። ወዳጃቸው ወዲያው "ብሳና" ብሎ መለሰ። አለቀ። ያን ዕለት እቤቴ ገብቼ እህል አልቀምስ አልኩ። ባለቤቴ "ታመምክ እንዴ?" ብትለኝ፣ "ያቺ ልጅ ስም አወጣች" አልኳት። "ለማን? ለልጅ?" አለችኝ። ለሰርቨር መሆኑን ስነግራት ትኩር ብላ አየችኝና ትሪውን አንስታ ሄደች።

ከዚያ በኋላም አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር "ስንዱ፣ አንቺ" ነው። እኔ ኬብል ሳብ፣ ጄኔሬተር አስነሳ፣ ጣሪያ ላይ ውጣ። ስሙን እሷ ታወጣለች። አንድ ቀን እንኳ "ልየው፣ አንተስ?" ብለውኝ አያውቁም። ቆሽቴ አረረ። ስሕተት ስትሠራ ለማየት ጓጓሁ፤ አትሠራም። የባሰ አንጀቴ በገነ።

ከዚያ ስንዱ ሞጣ ተዳረች። ሠርጉ ላይ ጋሽ ዘለቀና እኔ ከደጀን በመጣው አውቶቡስ ተሳፍረን፣ አቧራ ለብሰን ደረስን። በአገራችን ወግ ምራት አማቷ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ ከዚያ ወዲያ የባሏ ቤተሰብ የሚጠራት በዚያ ስም ነው። የስንዱ አማት ጎበዝ ሴት ናቸው፤ እጇን ይዘው በሰው ሁሉ ፊት "ብርሃኔ ብያታለሁ" አሉ። እልል ተባለ። እኛ የቢቸናዎቹ ግን ስንዱ ማለታችንን አልተውንም። የእናቷ ቤት ሁልጊዜም በመጀመሪያ ስሟ ይጠራታል።

ጋሽ ዘለቀ ይህን አይተው ተደሰቱ። ሲመለሱ በመንገድ ላይ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። "ልየው፣ አየህ? እኛ የምንቸገርበትን እኚህ ሴትዮ በአንድ ቃል ጨረሱት። ማሽንም ቤት ሲለውጥ በገባበት ቤት አዲስ ስም ይውጣለት። የድሮው ስም ከመዝገቡ ይፋቅ።"

"ስንዱን እኮ እኛ ስንዱ ማለት አልተውንም" አልኳቸው።

"እሷ ሰው ናት። በሁለቱም ስም ብትጠራ ማን እንደሆነች ታውቃለች። ማሽን አያውቅም።"

እንግዲህ ይህን ሕግ ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ ይህን ያዙልኝ።

ሞጣ ቅርንጫፍ ሲከፈት ኃላፊነቱ ለስንዱ ተሰጠ፤ ባሏ እዚያ ነዋ። አዲስ ሕንፃ፣ ሴራሚክ የተነጠፈ ክፍል፣ ማራገቢያ! እኔ ቢቸና ላይ ጣሪያው የሚያፈስ ክፍል ውስጥ ማሽኖቼን በላስቲክ እሸፍን ነበር። ይህ አልበቃ ብሎ አንድ ጠዋት ጋሽ ዘለቀ ገቡና፣ ቡርሻቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ዋንዛን መጥረግ ጀመሩ። ምንም ያልነበረበትን ማሽን ደጋግመው ጠረጉት።

"ሞጣ መዝገብ በዝቶባቸዋል" አሉ። "ዋንዛን ልንሰጣቸው ነው። የኛን ግልባጭ ወይራ ይይዘዋል።"

"ዋንዛን?" አልኩ። "ለስንዱ?"

"ለሞጣ።"

ያንን ማሽን ስንት ጊዜ ከሞት መለስኩት! ማራገቢያውን በጽሕፈት መኪና ጥርስ ጠግኜዋለሁ። ዝናብ ሲገባ ጃኬቴን አልብሼው እኔ በሸሚዝ ቆሜያለሁ። አሁን እሷ በሴራሚክ ላይ አስቀምጣ አዲስ ስም ልታወጣለት። ዕንባዬ መጣ። የጎልማሳ ዕንባ ያሳፍራል፤ ግን መጣ።

"ጋሽ ዘለቀ፣ ሄደ ይሂድ። ስሙን እንኳ ተዉልኝ" አልኳቸው። "በሞቴ። ዋንዛ ብዬ ስጠራው የሚመልስልኝ ይሁን። ስሙን እንዳይፍቁብኝ።"

ሲቆጡ ድምፃቸው እንደሚቀንስ ስለማውቅ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። ቡርሹን ወደ ኪሳቸው መለሱ፤ መልሰው አወጡት። "ሕጉ..." አሉና አቆሙ። ከዚያ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብለው ጻፉ። ማሽኑ ሞጣ ሲደርስ አዲስ ስም ይወጣለታል፤ ዋንዛ ቢቸና የሚለውም ስም ሳይፋቅ ወደ አዲሱ አድራሻው እንዲመራ አደረጉት። ሁለት ስም፣ አንድ ማሽን። "ይኸው" አሉኝ። "ስትጠራው ይመልስልሃል።" ማሽኑን አይሱዙ ላይ ጭነን ሸኘነው፤ ስንዱም እዚያ ስትቀበለው ዝግባ አለችው። ዝግባ ሞጣ።

መጀመሪያ ላይ ምንም አልሆነም። ሊሆንም አይችልም፤ ቢቸናንና ሞጣን የሚያገናኘው መስመር ገና አልተከፈተም ነበር። አዛዡ ቢጠራም የሚሰማው የለም። ስንዱና ሠራተኞቿ የሞጣ ዙሪያ ገበሬዎችን ይዞታ፣ ወሰኑን፣ ልኩን፣ አዋሳኙን ሁሉ ወራት ሙሉ ዝግባ ላይ ብቻ ሲመዘግቡ ከረሙ። መስመሩ ሲከፈት ሌላ ቦታ ግልባጭ ይያዝለታል ተብሎ ነበር።

መስመሩ የተከፈተ ዕለት ሞጣ ላይ ድግስ ሆነ። በግ ታረደ፣ እንግዳ ተጠራ፣ ጋሽ ዘለቀም ሄዱ። እኔ አዛዡን እንድጠብቅ ቢቸና ቀረሁ። እሷ እየተጨበጨበላት፣ እኔ ሽሮዬን ስክሪን ፊት እየበላሁ! ምሳ ሰዓት ላይ አዛዡ ሥራውን ጀመረ፤ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ አለፈ። ዋንዛ ቢቸና የሚለውም ስም በአረንጓዴ ሲያልፍ አየሁና ደስ አለኝ። "አለህ ወይ!" አልኩት ጮክ ብዬ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ስንዱ ናት፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

"ልየው፣ የኛ ሰዎች የሉም።"

"የምን ሰዎች?"

"መዝገቡ ውስጥ ያሉት! እንግዶቹ እንዲያዩት ብዬ ስከፍተው የሞጣ ገበሬ አንድም የለም። ያሉት የቢቸና ሰዎች ናቸው። ያንተ ሰዎች!"

እውነቱን ልናገር? የመጀመሪያው ስሜቴ እሰይ የሚል ነበር። ተሳሳተች! በእንግዳ ፊት! ከዚያ የጋሽ ዘለቀ ድምፅ መጣ፤ ዝቅ ያለ፣ እጅግ ዝቅ ያለ።

"ልየው፣ ዋንዛን ጥራውና ቁጥሩን ንገረኝ።"

ጠራሁት። ቁጥሩን ነገርኳቸው።

"አሁን በቁጥሩ ሂድና ማን እንዳለ ጠይቅ።"

ጠየቅኩ። "ዝግባ ሞጣ ይላል" አልኩ።

መስመሩ ላይ የድግሱ ጫጫታ ይሰማኝ ነበር። ሁለታችንም ገብቶናል። አዛዡ ዝግባን ጠርቶ የሞጣን ሥራ አዘዘው። ቀጥሎ ዋንዛን ጠራ፤ ያው ማሽን "አቤት" አለ። ስሙ ስላልተፋቀ ሥራውም አልተሰረዘም፤ የዋንዛ ሥራ ደግሞ የቢቸናን መዝገብ እንዳለ መገልበጥና ከዚያ ውጪ ያለውን ሁሉ ማጥፋት ነበር፤ ግልባጭ ከዋናው እንዳይለይ። የሞጣን የወራት ሥራ ጠርጎ፣ የኛን ሰዎች አስቀምጦ፣ አረንጓዴ ምልክት ሰጠኝ። እኔም "አለህ ወይ" አልኩት።

እንደገና ለመመዝገብ እንዳግዝ ሞጣ ተላክሁ። ሰው በእግሩ ከየቀበሌው እየመጣ ተሰለፈ። አንዲት አሮጊት ወንበሬ ፊት ተቀምጠው "ልጄ፣ እኔ እኮ ተመዝግቤያለሁ፤ ምን አጠፋሁ?" አሉኝ። ስማቸውን እንደ አዲስ ጻፍኩ። ሁለት ወንድማማቾች በመጀመሪያው ምዝገባ በሽምግልና ወሰን ተስማምተው ነበር፤ ሁለተኛ ሲጠየቁ ታናሽየው "እኔ እንዲያ አላልኩም" አለ። እዚያው ደጃፍ ላይ ተያያዙ። ስንዱ መሃላቸው ገብታ ሻሿ ወልቆ ሳይ ቅናቴ ለአንድ አፍታ ጥሎኝ ሄደ።

ሞጣ ላይ ጥፋቱን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቀመጠ። ጋሽ ዘለቀ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። "ስሙን ሳልፍቅ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ስንዱ የምታውቀው ነገር የለም" አሉ።

ብድግ አልኩ። "እኔ ነኝ የለመንኳቸው! እኔን ጠይቁ!" አልኩ።

"ተቀመጥ ልየው" አሉኝ። "አንተ ለመንክ። መለመን ጥፋት አይደለም። እንደማይሆን እያወቅኩ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ከኃላፊነታቸው አንስተው ጡረታቸው እስኪደርስ ቢቸና ንብረት ክፍል አስቀመጧቸው። እዚያም በዚያ ቡርሽ መደርደሪያ ሲጠርጉ አየሁ። በቦታቸው፣ በሁለቱም ከተሞች ላይ፣ ስንዱ ተሾመች። ይገባታል ወይ? ይገባታል። ግን እኔ እንደ አባት በምወደው ሰው ወንበር ላይ እሷ ስትቀመጥ ማየት! በስልክ "ልየው፣ እንዲህ አድርግ" ስትለኝ እሺ እላለሁ፤ ዘግቼ ስድብ እደረድራለሁ። ጋሽ ዘለቀ ጡረታ ወጥተው ደብረ ወርቅ ሲገቡ ልጠይቃቸው ሄድኩ፤ ደጃፉ ላይ ስንዱን አገኘኋት። እሷ ማር ይዛለች፣ እኔ ብርቱካን። በብርቱካኔ አፈርኩ። ያረፉ ጊዜም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቀብራቸው ላይ ለቀስተኛው ልጃቸው መስላው "እግዜር ያጥናሽ" የሚለው እሷን ነበር። እኔ አንድ ጥግ ቆሜ አለቀስኩ፣ ለሞታቸውም፣ ለዚያም።

እንግዲህ ወደ መሸኛዬ ልመለስ። ጋቢ ተሰጠኝ፣ ንግግር ተደረገ፣ ለስላሳ ተጠጣ። ስንዱ ከሞጣ ድረስ መጥታ ነበር፤ እሷም ሸብታለች። ሰው ሲበተን በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጆቹ ያሳዩኝን ያንን የቁጥር ዝባዝንኬ ነገርኳትና ሳቅን። ከዚያ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ስንት ዓመት ያፈንኩት ሁሉ ወጣ።

"ስንዱ፣ አንድ ቀን እንኳ 'አንተ ስም አውጣ' አላሉኝም" አልኳት። "አንድ ቀን! ሁሉንም ላንቺ። ምን አጉድዬባቸው ነው?"

"አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር" አለች።

"ምን አሉሽ?"

"'ልየው ስም ካወጣለት መለየት አይችልም። ስም የሚያወጣ ሰው ቀኑ ሲደርስ መፋቅ አለበት' አሉኝ።"

ኩም አልኩ። እውነት ነዋ!

ስንዱ ግን አልጨረሰችም። ፊቷ ተለዋወጠ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት አይቼው የማላውቀው ፊት ነው። "አንተ ሞኝ" አለችኝ። "እኔ ሞጣ ቅርንጫፉን ልከፍት ስሄድ ብሳናን ይዤ መሄድ ፈልጌ ነበር። የመጀመሪያዬ እኮ ናት። አይሆንም አሉኝ፤ እሺ። ሥራዋ አልቆ የተነሳች ዕለት ቢቸና መጥቼ 'ስሟን እንኳ ይተዉልኝ፣ አይፋቁት' ብዬ አልቅሼ ለመንኳቸው። በር ላይ ቆመው፣ ያንን ቡርሻቸውን ይዘው፣ 'ሕግ ነው ስንዱ' አሉኝ። ሁለተኛ ቃል አልጨመሩም። ያን ቀን ነው የፋቁት። ለእኔ!"

የተሰጠኝን ጋቢ ማጠፍ ጀመርኩ።

"ከዚያ አንተ መጣህ። አንዴ 'በሞቴ' አልካቸው፣ ሰውየው በሕይወታቸው አፍርሰውት የማያውቁትን አፈረሱልህ። ወንበራቸውን አጡበት። እኔ ያ ኮሚቴ ፊት ተቀምጬ ስሰማ የተሰማኝ የጠፋው መዝገብ መሰለህ? መዝገቡንስ ይሁን፣ እንደገና እጽፈዋለሁ። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ወንበራቸው ላይ ስንት ዓመት ስቀመጥ እሱን ነው የማስበው። ስም ማውጣት! ስም ማውጣት ሥራ ነው ልየው። ለእኔ ሥራ ሰጡኝ።" ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። "ይኸው፣ ጡረታ ስለወጣህ ነው የነገርኩህ" አለችኝና መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ጋቢዬን ብብቴ ሥር ይዤ ወደ ቤት አዘገምኩ። ጋሽ ዘለቀ በኔ ምክንያት ንብረት ክፍል ውስጥ ማርጀታቸውን አስብ ነበር፤ እኚያ አሮጊትም "ምን አጠፋሁ" ያሉኝን አስብ ነበር። ያንን እያሰብኩ ነው እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ፈገግታዬ አልመለስ ያለኝ። ገበያው ጋ ስደርስ ለብቻዬ እስቅ ነበር።

ባለቤቴ በር ከፍታ አየችኝ። "ምን ሆነህ ነው? ጡረታ የወጣ ሰው እንዲህ ይስቃል?" አለችኝ።

"ስንዱ ቀናችብኝ" አልኳት።